ከምሥራቁ መሬት የተለቀመ ጉድፍ

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ለደኅንነቷ ሲባል በተለየ ወረቀት ተጽፎ ታሽጓል። የሠፈር መጠሪያዋ “ጥንቅቅ” ነው።
ዕድሜ፦ 61 ዓመት
የትምህርት ደረጃ፦ 6ኛ ክፍል
ሥራ፦ የቀድሞ የእህል መጋዘን ለቃሚ፣ አሁን የቤት እመቤት
አድራሻ፦ ከተዘጋው የባትሪ ፋብሪካ ምሥራቃዊ አጥር ፊት ለፊት፣ ሦስተኛው በር
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡10 ጀምሮ
ቦታ፦ ወንጀል ምርመራ ክፍል፣ ቢሮ ቁጥር 6
ጉዳዩ፦ ለተበከለ መሬት ማገገሚያ ፈንድ ሐሰተኛ የአፈር ምርመራ ውጤት አቅርቧል ተብሎ በተጠረጠረው መሐንዲስ ላይ የተከፈተ መዝገብ

እኔ ዛሬ ወደዚህ ቢሮ የመጣሁት መጥሪያ ደርሶኝ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። የመጣሁበትም ምክንያት፣ በዚህ መዝገብ ተይዞ ዛሬ አሥራ ሰባተኛ ቀኑን በእስር ላይ የሚገኘው ኢንጂነር የምሥራቁን መሬት ናሙና እንዳልነካካ፣ የነካካሁት እኔ እንደሆንኩ ለማስረዳት ነው። ቃል ተቀባዩ ምክትል ሳጅን፣ የምናገረው ነገር ከምስክርነት ወደ ተጠርጣሪነት ሊያዞረኝ እንደሚችልና ዝም የማለት መብት እንዳለኝ አስቀድመው ነግረውኛል። ገብቶኛል ብያለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ አራት ቀን ዝም ብዬ አይቼዋለሁ፤ የእኔው ነቅዟል።

ከሃያ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ለሃያ ስድስት ዓመታት በአንድ የእህል መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ባቄላ፣ ሽንብራና ምስር ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት ጠጠሩን፣ ገለባውንና የተበላሸውን ፍሬ እየለቀምን፣ በሰፌድ እያበጠርን እናጸዳ ነበር። በመጋዘኑ ልማድ አንዲት ለቃሚ ማታ ስትወጣ የለቀመችውን ጉድፍ በጣሳ ይዛ ለተቆጣጣሪው ታሳያለች። ንጹሑን እህል ማንም አያይላትም፤ የሚታይላት ጉድፏ ነው። ያለ ጉድፍ የመጣች ለቃሚ ተኝታ ዋለች ትባላለች። “ጥንቅቅ” የሚለውን ስም ያወጣልኝ ያው ተቆጣጣሪ ነው። ምርቃት ይሁን ሽሙጥ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ በሠፈሬ ግን ከእናት አባቴ ስም ይልቅ የምጠራው በእሱ ነው።

የባትሪ ፋብሪካውን በተመለከተ፣ ቤቴ መንገዱን ተሻግሮ ከአጥሩ ፊት ለፊት ስለሆነ ሲሠራም ሲዘጋም አይቻለሁ። አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ በውስጡ ያለውን እርሳስ ያቀልጡ ነበር። ማቅለጫው በምዕራብ በኩል ነበር። በምሥራቅ በኩል ባትሪው በመጥረቢያ የሚሰበርበት ሰፊ ግቢ ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ ባለቤቱ ማሽኑን ጭኖ ሄደ፤ ለዘበኛው እንኳ ቁልፉን አልተወለትም። መሬቱ ከዚያ በኋላ ለአሥራ አራት ዓመታት አረም እያበቀለ ተቀምጧል።

የዛሬ ሦስት ዓመት በታኅሣሥ ወር በወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራን። ከፈንዱ የመጡት ሴትዮ፣ መንግሥት የተበከሉ የፋብሪካ መሬቶችን አስመርምሮ፣ አስጸድቶ ለሕዝብ አገልግሎት ለማዋል በጀት እንደያዘ አስረዱ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው “እሱ በላ፣ እኛ እንጥረግ?” ብለው ጠየቁ። ሰው ሳቀ። ሴትዮዋ ግን ሳይስቁ “ጥያቄዎ ትክክል ነው አባቴ፣ ሰውየውንም እየፈለግነው ነው። አፈሩ ግን እስኪገኝ አይጠብቅም” አሉ። ያን ጊዜ መልሱ ደስ ብሎኝ አጨብጭቤ ነበር። ሁለት ደንብም ነገሩን። አንደኛው፣ ከሠራተኛው ሲሶው ከአካባቢው ነዋሪ ይወሰዳል። ሁለተኛው፣ የቁፋሮ ገንዘብ የሚለቀቀው እርሳስ ከተፈቀደው መጠን በላይ ለተገኘበት ቦታ ብቻ ነው። ንጹሕ የተባለ መሬት አይቆፈርም፤ በቀጥታ ይሠራበታል።

እኔ የተቀጠርኩት በአንደኛው ደንብ ነው። መሬቱ በገመድ አርባ ካሬ ተከፈለ። የምሥራቁ ሃያ ለእኔ፣ የምዕራቡ ሃያ በሠፈራችን “ረጅሙ” ለምንለው የቀን ሠራተኛ ተሰጠ። ሥራው ከየካሬው ሦስት ቦታ አንድ ስንዝር ቆፍሮ፣ አፈሩን አደባልቆ፣ አንድ ኪሎ በከረጢት አስሮ ቁጥር መጻፍ ነበር። ኢንጂነሩ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ራሱ ቆፍሮ አሳየን። ጥልቀቱንና ልኩን፣ ቅጹንም እንዴት እንደምንሞላ በትሕትና ነገረን። እኔን “እትዬ” እያለ ነበር የሚጠራኝ። እሱ ሲያሳየን አፈሩን ከነጠጠሩ ከነሥሩ ወደ ከረጢቱ ገለበጠው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አላየሁም ብል ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን ወንድ ልጅ ነው፣ ለማሳየት ያህል ነው፣ ቸኩሏል አልኩ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ደኅና አድርጎ የሚለቅም ወንድ አላጋጠመኝም።

በማግሥቱ ሰፌዴን ከቤት ይዤ መጣሁ። አምጪ ያለኝ ሰው የለም። ከእያንዳንዱ ካሬ ያወጣሁትን አፈር በሰፌዱ ላይ እየዘረጋሁ ጠጠሩን፣ ሥሩን፣ የጥቁር ባትሪ ቅርፊት ስብርባሪውን፣ እንደ ሽንብራ ያለ ግራጫ ፍሬውንና እየተፈረፈረ እጅ የሚያጠቁረውን አመድ መሰል ነገር ለቀምኩ። ከዚያም ለነፋሱ ጀርባዬን ሰጥቼ አበጠርኩት፤ ብናኙ ሄደ። በሰፌዱ ላይ የቀረው ቡናማ አፈር ለእንግዳ ቢቀርብ የማያሳፍር ነበር። ከእሱ አንድ ኪሎ ሰፍሬ አሰርኩ። ሃያውንም ካሬ እንዲሁ አደረግኩ፤ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። የተሰጠኝን ጓንት በሁለተኛው ቀን አውልቄዋለሁ፣ በጓንት አይለቀምምና። በቅጹ ላይ ጥልቀት፣ ቀለም፣ ሰዓትና ፊርማ የሚሉ ቦታዎች ነበሩ። ለቅመሻል ወይ የሚል ጥያቄ አልነበረም፤ ቢኖር ኖሮ ደስ ብሎኝ አዎ እል ነበር።

ረጅሙ ሥራውን በአራት ቀን ጨርሶ ከአጥሩ ሥር ጥላ ይዞ ተቀመጠ። እጁ የገባውን ሁሉ ከረጢት ውስጥ ይሞጅር ነበር፤ አንድ ቀን የአሮጌ ጫማ ሶል ከአፈሩ ጋር አስሮ አየሁት። “አንተ ሰውዬ፣ አፈር አምጣ ተባልክ እንጂ ቤትህን ጥረግ ተባልክ?” አልኩት። እሱም “አንቺ ደግሞ ለመንግሥት ነው ወይስ ለአማት የምትለቅሚው?” አለኝ። ሳቅን። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ብዬ ተረትኩበት፤ ያን ቀን ባለሙያዋ እኔ ነበርኩ።

ኢንጂነሩ አውቆ ዝም ብሏል ወይ ተብዬ ተጠይቄ የሰጠሁት መልስ የሚከተለው ነው። ከየካሬው የለቀምኩትን ጉድፍ በመጋዘኑ ልማድ በትናንሽ ፌስታል እየቋጠርኩ፣ የካሬውን ቁጥር እየጻፍኩ በአንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አጠራቅሜ ነበር። በስድስተኛው ቀን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ጣሳውን ይዤ ሄጄ ላሳየው ከፊቱ ቆምኩ። ኢንጂነሩ በዚያ ሳምንት ሦስት ቦታ ያሠራ ስለነበር ስልክ ከጆሮው አይለይም። ጣሳውን አየት አድርጎ “እትዬ፣ እዚያ ጋ ያስቀምጡልኝ” ብሎ በእጁ አመለከተኝና ወሬውን ቀጠለ። ክዳኑን አልከፈተም። በእኛ ልማድ ተቆጣጣሪ ጉድፍሽን አይቶ ካልተቆጣ ተቀብሎታል ማለት ነው። እኔም ተቀበለኝ ብዬ ረክቼ ተመለስኩ። ሥራው ሲያልቅ ጣሳው እዚያው ተቀምጦ ስላገኘሁት የቀሩትን ቋጠሮዎች ጨምሬ ወደ ቤት ወሰድኩት፤ ጉድፍ ማስረጃ ነው፣ አይጣልም። ከቁም ሳጥን በላይ ሦስት ዓመት ተቀምጧል፤ ሕፃን አልደረሰበትም። ዛሬ ከነሃያ ቋጠሮው ይዤ መጥቼ አስረክቤአለሁ፤ በኤግዚቢትነት ሲመዘገብም አይቻለሁ።

የምርመራው ውጤት በመጋቢት ወር በወረዳው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ከምዕራቡ ሃያ ካሬ አሥራ ሰባቱ ከመጠን በላይ እርሳስ ተገኘባቸው። ከምሥራቁ ሃያ አንድም አልተገኘም። ማቅለጫው በምዕራብ ስለነበር ውጤቱ ለሁላችንም ልክ መሰለን። ምዕራቡ በሰው ቁመት ልክ ተቆፍሮ አፈሩ ሸራ በለበሱ መኪኖች ተጫነ፤ ሌላ አፈር ተደለደለበት። በምሥራቁ ላይ ሣሩ ብቻ ታጭዶ የሕፃናት ማቆያ ተሠራ። የእኔ ወገን ንጹሕ ወጣ ብዬ ኮርቼ ነበር። ይህንንም ምክትል ሳጅኑ ሳይዘሉ እንዲጽፉልኝ ጠይቄያለሁ።

ማቆያው አምና በመስከረም ወር ተከፈተ። መስኮቶቹ ሕፃናት ወደ ውጭ እንዲያዩ ዝቅ ተደርገው የተሠሩ፣ ወለሉ የሚታጠብ፣ ከበስተጀርባው መጫወቻ ሜዳ ያለው ቤት ነው። ሜዳው ሣር ተዘርቶበት ነበር፤ ሠላሳ አንድ ሕፃን የሚሯሯጥበት ሣር ግን አይበረክትም፤ ወር ሳይሞላው አፈሩ ወጣ። የልጄ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገብታለች። ልጄ ያሳደገቻት ብቻዋን ነው፤ በማቆያው ምክንያት ወደ ልብስ ስፌት ሥራዋ ተመልሳለች። እኔም እግዜር ይስጣቸው ያላልኩበት ቀን የለም።

ከክረምቱ ወዲህ ሕፃኗ ሆዴን ማለት አበዛች። ምግብ ትገፋለች፤ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። ከዚያም የምትናገረውን ማጉደል ጀመረች። “አያቴ፣ ውሃ ስጪኝ” ትል የነበረችው ልጅ ኩባያውን በጣቷ ብቻ ትጠቁም ጀመር። ጤና ጣቢያ መጀመሪያ የትላትል መድኃኒት ሰጡን። በጥቅምት ወር ደሟ ሲመረመር እርሳስ ተገኘበት። ከዚያ ሁሉም የማቆያው ሕፃናት ተመረመሩና ከሠላሳ አንዱ መካከል በዘጠኙ ላይ ተገኘ። ማቆያው በዚያው ሳምንት ታሸገ። ሐኪሟ ልጄን “ከአፈሩ መራቋ ትልቁ መድኃኒት ነው፤ የጠፋው ምን ያህሉ እንደሚመለስ ግን አሁን ቃል ልገባልሽ አልችልም” ብላታለች። ስትላት አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

ጥቅምት 22 ቀን ቅዳሜ ኢንጂነሩ ተያዘ። ከሕንጻው ተቋራጭ ጋር ተስማምቶ፣ ቁፋሮው ቀርቶ ግንባታው ቶሎ እንዲጀመር የምሥራቁን ናሙና በንጹሕ አፈር ለውጧል ተባለ። እኔም አምኜ ነበር። ልጄ በየቀኑ ሕፃኗን ስታጥብ “ያን አፈር የነካካ እጅ ይድረቅ” ትል ነበር፤ እኔም አሜን እል ነበር።

ኅዳር 4 ቀን ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ አንድ ኬሚስት የምሥራቁን መሬት እንደገና ሊመረምር መጣ። እናቶች ሁሉ አጥሩን ይዘን ቆመን እናያለን። ከእኔ አምስት ክንድ በማይርቅ ቦታ ቆፈረና አፈሩን እንዳለ፣ ግራጫ ፍሬው እየታየ፣ ከረጢት ውስጥ ጨመረው። እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ “ልጄ፣ ሳትለቅመው ነው እንዴ የምታስረው?” አልኩት። ቀና ብሎ “ምኑን እማማ?” አለኝ። “ጉድፉን ነዋ፤ ግራጫውን፣ ጥቁሩን። ብናኙንስ አታበጥረውም?” አልኩት። ሰውየው አልተቆጣም። ጭምብሉን አውልቆ ወደ አጥሩ መጣና “እማማ፣ እሱን ከለቀምኩት ምን ልመረምር ነው? ግራጫው እርሳሱ ነው። ብናኙ ደግሞ ይብሳል፤ ከልጆች እጅ ወደ አፋቸው የሚገባው እሱ ነው” አለኝ። አጠገቤ የነበሩት ሴቶች ምንም አላስተዋሉም። እኔ ግን እዚያው መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። ፀሐይ ነው መሰላቸው፣ ውሃ አመጡልኝ።

ኬሚስቱ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ጠብቄ፣ ስለ ራሴ ምንም ሳልነግረው፣ ይህ መሬት አሁን ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኩት። በበሩ ላይ የተለጠፈውን የፈንዱን ማስታወቂያ አሳየኝ፤ እኔም አነበብኩት። ጉዳዩ የወንጀል ከሆነ ፍርድ ቤት እስኪወስን መሬቱ ታሽጎ ይቆያል፤ የቁፋሮ ገንዘብም አይለቀቅም። የናሙና አወሳሰድ ስሕተት መሆኑ በማስረጃ ከተረጋገጠ ግን ፈንዱ መዝገቡን ወዲያው ከፍቶ ያስቆፍራል። ኬሚስቱ “ፍርድ ቤቱ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ ነፋስ ሲነሣ መስኮታችሁን ዝጉ” አለኝ። ሠፈራችን ውስጥ መስኮቱ በደንብ የሚዘጋ ቤት አላውቅም። ስለዚህ ያንን ማስረጃ መስጠት የምችለው እኔ ብቻ መሆኔን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አውቄአለሁ።

ይህን እያወቅኩ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ዝም ብያለሁ። ለምን ተብዬ ስጠየቅ ፈርቼ ነው ብያለሁ። እስሩን አይደለም፤ እሱንም ብፈራው አላፍርም፣ ግን የፈራሁት ልጄን ነው። ዓርብ ዕለት ለረጅሙ ብቻ ነገርኩት። እሱም “አንቺ ሴትዮ፣ ማን ጠየቀሽ? ሰው ተይዟል፤ ተይው በቃ” አለኝ። ቀጥሎም “የእኔን ስንፍና እግዚአብሔር ይባርከው” አለ። ሊያስቀኝ ነበር፤ ሁለታችንም አልሳቅንም። በእነዚያ ቀናት ልጄ “የነካካ እጅ ይድረቅ” ስትል አሜን ማለት አቅቶኝ ወደ ጓዳ እገባ ነበር። አንድ ጊዜ “እማዬ፣ ምነው? አዘንሽለት እንዴ?” ብላኛለች።

ትናንት ሰኞ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ልጄና አምስት እናቶች ወረቀት ይዘው ወደ ቤት መጡ። ኢንጂነሩ በዋስ እንዳይለቀቅና ከባድ ቅጣት እንዲፈረድበት የሚጠይቅ ማመልከቻ ነበር። በዕድሜ ትልቋ ስለሆንኩ፣ ደግሞም ናሙናውን በጥንቃቄ እንደወሰድኩ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ የመጀመሪያውን ፊርማ ለእኔ ትተውልኝ ነበር። ሕፃኗ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስክርቢቶውን ተቀብዬ መልሼ አስቀመጥኩትና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጣሳውንም ከቁም ሳጥኑ ላይ እንዲያወርዱት አድርጌ አሳየኋቸው። ከእናቶቹ አንዷ “እኚህ ሴትዮ ደኅና ናቸው?” ብላ ጠየቀች። ሌላዋ ስታለቅስ ሰማሁ። ልጄ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። “እማዬ፣ ሃያውንም?” አለችኝ። “ሃያውንም” አልኳት። መጣችና ሕፃኗን ከጭኔ ላይ አንሥታ ወደ ሌላው ክፍል ይዛት ገባች። ዛሬ ጠዋት ስወጣ በሩን ከፍታልኛለች። አልተነጋገርንም።

በቃል ተቀባዩ ለተጠየቅኳቸው ሌሎች ጥያቄዎች የሚከተለውን መልሻለሁ። ይህን እንድል ከኢንጂነሩ ቤተሰብም ሆነ ከተቋራጩ ያነጋገረኝ፣ የሰጠኝ ወይም ያስፈራራኝ ሰው የለም። ከሥራው ያገኘሁት የዘጠኝ ቀን ደመወዝ፣ ጓንትና ባርኔጣ ነው። ቋጠሮዎቹን አሁን አዘጋጅቼ እንዳልሆነ በምን ይታወቃል ለተባልኩት፣ በየፌስታሉ ላይ ቁጥሩ የተጻፈው በዚያን ጊዜ በተሰጠን ወፍራም ሰማያዊ ቀለም ስለሆነ፣ በምርመራ ቤቱ ከተቀመጡት ከረጢቶች ላይ ካለው ጽሕፈቴ ጋር ይመሳከር ብያለሁ። ኬሚስቱም በቋጠሮዎቹ ውስጥ ያለው ከየካሬው አፈር ጋር መግጠሙን ይመልከት። ኢንጂነሩ ምንም ጥፋት የለበትም ትያለሽ ወይ ለተባልኩት፣ ክዳኑን መክፈት ነበረበት ብያለሁ። ያልከፈተ ሰውና የለወጠ ሰው ግን አንድ አይደሉም። እሱ አላየም፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። በስሕተቱ አዝኛለሁ ወይ የሚል ጥያቄ አልቀረበልኝም። ባልጠየቅም እንዲጻፍ የምፈልገው፣ ከሐሙስ ጀምሮ እህል ከአፌ ሲገባ አሸዋ አሸዋ እያለኝ መሆኑን፣ የእነዚያን ዘጠኝ ሕፃናት እናቶች አንድ በአንድ በየቤታቸው ሄጄ ይቅርታ እንደምለምን፣ ይቅር ባይሉኝም እንደማልቀየም ነው።

ከዚህም በላይ የምጠይቀው፣ ይህ ቃል ግልባጩ ዛሬውኑ ለፈንዱ ቢሮ እንዲላክ ነው። እኔን በሚመለከት ሕግ የሚለው ይሁን፤ መሬቱ ግን እኔን አይጠብቅ። የእኔ ጉዳይ ቀጠሮ ሊሰጠው ይችላል፣ ብናኙ ቀጠሮ የለውም።

ቃሌ ከጠዋቱ 5፡40 ላይ ተጠናቆ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል። ራሴም መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አንብቤዋለሁ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ምክትል ሳጅኑ የቃሌን ፍሬ ነገር ሲያጠቃልሉ “ምስክሯ በቸልተኝነት በፈጸመችው ስሕተት” ብለው ጽፈው ስላገኘሁ አልፈርምም ብያለሁ። ምክትል ሳጅኑ “በቸልተኝነት” የሚለው ቃል ለእኔ እንደሚጠቅም፣ ቅጣትም እንደሚያቀልልኝ በቅንነት አስረድተውኛል፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን እውነት ስላልሆነ እንዲሰረዝልኝ ጠይቄያለሁ። ቸል ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ እንደ ረጅሙ እጄ የገባውን ሞጅሬ ጥላ ሥር ተቀምጬ ቢሆን ኖሮ፣ አፈሩ ተቆፍሮ ልጆቹ ዛሬ ደኅና ነበሩ። እኔ ያደረግኩት የምችለውን ያህል ተጠንቅቄ ነው።

በዚህ መሠረት “በቸልተኝነት” የሚለው ቃል ተሰርዟል፤ በስርዙም ጎን ፈርሜአለሁ። የቀረው ሁሉ ያየሁትና በገዛ እጄ የሠራሁት እንጂ የሰማሁት አይደለም። ማንም ሳያስገድደኝ የሰጠሁት ቃል መሆኑን፣ በየትኛውም ችሎት ቆሜ ከዚህ ሳልጨምር ሳልቀንስ እንደምደግመው በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
በስርዙ ጎን፦ (ተፈርሟል)
ቃል ተቀባይ ምክትል ሳጅን፦ (ተፈርሟል)
ታዛቢ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፦ (ተፈርሟል)